ከወለሉ ሥር የሚተነፍሰው

የዓለምወርቅ በገንዳ ውሃ ከተማ አልጋ ቤት ከከፈተች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ባሏ አንዱአምላክ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ሱዳን እንደተሻገረ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ያኖራት ያ ቤት ነው። ከእንግዶቿ አብዛኞቹ ድንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው፤ አዝመራ ሲደርስ ደግሞ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱት፣ አገሬው "ሳሉግ" የሚላቸው የቀን ሠራተኞች ይጨመሩባቸዋል። ሁሉም በቀትር ይተኛሉ። የመተማ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል እንጂ አይንቀሳቀስም።

ከክፍሎቿ ሁሉ የሚፈለገው የጓሮው ነበር። ከሌሎቹ በኋላ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ውስጡ ጨለም ያለ። ሹፌሮቹ ሃሩሩን የሚረሱት እዚያ ስለሆነ ቁልፉን ይሻሙበት ነበር። በዚያ ዓመት ግን፣ ሰሊጡ ገና ተወቅቶ ሳያልቅ፣ ክፍሉ ሰው መትፋት ጀመረ።

መጀመሪያ የተተፋው ሙኽታር ነው። ሙኽታር ሳቂታ፣ ግዙፍ፣ ከዚህ እስከ ጅቡቲ የማያውቀው መንገድ የሌለ ሹፌር ነው። አንድ ቀን በቀትር፣ የዓለምወርቅ ግቢው ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ፣ በሩ ተበርግዶ በባዶ እግሩ እየተንገዳገደ ወጣ። የበረንዳውን ቋሚ አቅፎ አስመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ነካህ? ምግብ ነው?" ብላ ሮጠች።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣" አላት ትንፋሹ ሲመለስለት፣ "ያ ቤት ባዶ አይደለም።"

"እንዴት ማለት?"

"ሰው ጠራኝ። ከአልጋው ሥር ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም፣ ከመሬቱ ሥር ነው። እናቴ በልጅነቴ እንደምትጠራኝ አድርጎ ጠራኝ። 'ና ውረድ' አለኝ። ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል ነበር። ወላሂ፣ ወርጄ ቢሆን ኖሮ አልመለስም።"

"ዱካክ ይዞህ ነው። ድካም ነው፤ ውሃ ጠጣ።"

ሙኽታር ግን ውሃውን ጠጥቶ ሻንጣውን ከደጅ ሆኖ በእንጨት ጎትቶ አወጣና፣ ሁለተኛ ደጃፉን ሳይረግጥ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መኪናው ጋቢና ውስጥ ነው የሚተኛው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ።

አየሩ ራሱ በዚያ ሰሞን ጤነኛ አልነበረም። አስፋልቱ ዳር ከተሰለፉት መኪኖች ግማሾቹ ሞተሪኖአቸው የሞተ ስለሆነ ሹፌሮቹ ከጠፋ አይነሳም ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያስጓሩት ይውላሉ፤ ጥቁር ጭሳቸው በየቤቱ በር ይገባል። ሰሊጥ ማበጠሪያዎቹ አቧራና ገለባ ይተፋሉ። ከከተማው ውጭ እርሻው ሁሉ ቃርሚያው ይቃጠላል፤ ከእርሻው ወዲያ ከሰል አክሳዮች አሉ። ከቀትር በኋላ ደግሞ የከተማው ቆሻሻ ይለኮሳል፤ ፌስታሉ፣ ካርቶኑ፣ ሽቦው ወጥቶ እንዲሸጥ የሚነደው አሮጌ ጎማ። ነፋስ ካለ ይወስደው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ነፋሱ የት እንደገባ እንጃ፤ ጭሱ ከተማው ላይ ተኝቶ አልነሳ አለ። ፀሐይ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀልታ ወጥታ እንደዚያው ትጠልቃለች። ከደጋ የመጡት ሳሉጎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ዓይናቸውን እያሹ፣ "ቆላ ከመቼ ወዲህ ነው ጉም የያዘው?" ይላሉ።

ጎረቤቷ ረፊቃ፣ የጎሚስታው ሚስት፣ ከሁሉ የሚያስፈራት በየቤቱ የገባው ሳል ነበር።

"ልብ ብለሽ አዳምጪ፣" አለቻት አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ዘንበል ብላ። "የኔ ልጅ ሲያቆም የዚያኛው ቤት ይቀበላል። የዚያኛው ሲያቆም ከማዶ ያለው። አንድ ሳል ነው የሚመስለው፤ ቤት ለቤት የሚዞር።"

የዓለምወርቅ ቆማ አዳመጠች። እውነቷን ነበር።

ሙኽታር ክፍሉን በለቀቀ ሰሞን ምናለ የሚባል ሳሉግ ከጎጃም ወረደ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። በጠዋት ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደሷ መጣ፤ ሙኽታር ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄዶ ስለነበር ሁለቱ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሌሎቹ ክፍሎች ሞልተው ነበርና የጓሮውን ሰጠችው። የሙኽታርን ነገር ልትነግረው አፏ ላይ መጥቶ ተወችው። ሰው በዱካክ ምክንያት ክፍል ዘግቶ ይኖራል እንዴ?

ያን ቀን ምናለ ከቀትር እንቅልፉ ዘግይቶ ተነሳ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ፊቱ ግን ፈገግ ብሏል።

"ምነው፣ አመመህ?"

"ራሴን ይወቅረኛል እትየ። ግን እንዲህ ያለ ሸጋ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።"

"ዱካክ አልያዘህም?"

"ልጄን አየኋት።"

"ልጅ አለህ?"

"ነበረችኝ። ሳል ወሰዳት፤ አምና በጾሙ።" መሬት መሬቱን ያያል። "አላየኋትም፣ ሰማኋት ልበል እንጂ። ከታች ሆና ትጣራለች። 'አባየ፣ ና ውረድ' አለችኝ።"

የዓለምወርቅ የሙኽታር ቃል ትዝ አላት። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሕልም ሊያይ ይችላል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቃል ግን እንዴት ይሰማሉ?

በማግሥቱ ክፍሉን ቆለፈችው። ምናለን ሌሎች ሳሉጎች ከሚያድሩበት ክፍል ጨመረችው። እሱ ግን እርሻ የሚወስደው ትራክተር ሲመጣ አልሳፈር ብሎ ቀረ። ቀትር ሲሆን እየመጣ ይለምናታል።

"እረ በማርያም እትየ፣ ቁልፉን። አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ራስህን እያመመህ?"

"ራስ ምታት ምን አለው። ከሷ ጋር ጨዋታ ጀምረን ሳንጨርስ ነው የነቃሁት።"

"ምናለ፣ የሞተ ሰው ከወለል ሥር አያወራም።"

"አውቃለሁ፣" አላት፤ "አውቃለሁ እኮ።" እንዲህ እያለ ግን ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም።

ክፍሉን ከቆለፈችው በኋላ ሌላ ነገር ማስተዋል ጀመረች። ዶሮዎቿ በጓሮው ግድግዳ ጥላ ሥር መተኛት ትተው ፀሐይ ላይ ይውላሉ። እንሽላሊቶቹ ከቆርቆሮው ሥር ጠፍተዋል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩን ከፍታ ስታይ የወለሉ ሊሾ ከአልጋው ሥር እስከ ደጃፉ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ጉንዳን ነጫጭ እንቁላሉን በአፉ ይዞ፣ በመስመር፣ ሳይዛነፍ፣ እንደ ስደተኛ ይወጣል። ተከትላ አየችው። አጥሩን አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ሄደ።

ቄስ ለይኩንን ጠራች። ቄስ ለይኩን እርጅና ያጎበጣቸው፣ ቀልድ የማያጡ ካህን ናቸው። ጸሎታቸውን አድርሰው ጠበሉን ወለሉ ላይ ሲረጩት ጠብታው ቸስ ብሎ ደረቀ። ደግመው ረጩ፤ ደግሞ ቸስ አለ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ሊሾው ላይ አሳረፉና ቶሎ አነሱት።

"የዓለምወርቅ፣ ይሄ ወለል ትኩሳት አለው።"

"ወለል ይታመማል እንዴ አባ?"

"እኔ በእድሜዬ አልሰማሁም። ጸሎቱን አላቋርጥም፤ አንቺ ደግሞ ቆፋሪ ጥሪ።"

"ሰይጣን አይደለም እያሉኝ ነው?"

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። "ሰይጣንም ቢሆን እንጨት የሚያቀብለው ሰው ካላገኘ እሳት አያነድም።"

የዓለምወርቅ ቆፋሪ አልጠራችም። አልጋ ቤት በስሙ ነው የሚኖረው፤ "የዓለምወርቅ ቤት ሥሩ ይቆፈራል" ከተባለ ማን ይመጣል? ስታወጣ ስታወርድ አደረች፤ በመጨረሻ በዓይኔ ልየው አለች። በቀትር፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ቁልፉን ይዛ ገባች። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የሰማችው የመኪኖቹን ጉርምርምታ ነው፣ ከሩቅ። ቆየት ብላ ግን ድምፁ ከአስፋልቱ በኩል ብቻ እንደማይመጣ ገባት። ከእግሯ ሥርም አለ። ዝግ ብሎ ይሞላል፣ ዝግ ብሎ ይጎድላል፤ የተኛ ሰው እንደሚተነፍሰው። ምንም አይሸትም። ራሷ ከበዳት፤ ቀጥሎ አንድ ጣፋጭ ስንፍና ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ ጋደም ልበል አለች።

ከዚያ ጉሮሮ ሲጠራረግ ሰማች። አንዱአምላክ ከመንገድ ሲመጣ፣ በሩን ከመግፋቱ በፊት፣ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

"ዓለም፣" አላት። እንዲህ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር።

"የት ነው ያለኸው?"

"ታች ነኝ። ውረጂ እንጂ፤ እላይ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እንግዳ አለብኝ። ቤቱ ያለ ሰው..."

"ተይው። እዚህ ነፋሻ ነው ዓለም። እዚህ ጭስ የለም።"

ሳቀች። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሰፈሩ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ስላለፈው ዘመን ሁሉ ነገረችው። እሱ ይሰማታል፣ እሱም ይስቃል። እጇን ልታነሳ አሰበች፤ እጇ ግን የሌላ ሰው እጅ ነበር። ከስንጥቁ አንድ ቀጭን የጭስ ክር ወጣ። አልተበተነም። ቀጥ ብሎ አልጋው አጠገብ ቆመ፤ ታማሚ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው። የዓለምወርቅ አልፈራችም። በኋላ ስታስበው ከሁሉ ይልቅ የሚያንቀጠቅጣት ይኸው አለመፍራቷ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው እግሯን ይዞ ጎተታት። ጭንቅላቷ ከወለሉ ጋር ተጋጨ፤ ብርሃን ፊቷ ላይ ፈሰሰ። ረፊቃ ነበረች።

"ተንፍሺ! ተንፍሺ አልኩሽ!" ረፊቃ በጥፊ ትመታታለች፣ ታለቅሳለች።

የዓለምወርቅ ግቢው መሀል ተጋድማ አስመለሰች። ቆይታ፣ "እንዴት መጣሽ?" አለች።

"ውሃ ልቀዳ። ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?"

"ብቻዬን ነበርኩ።"

"አልነበርሽም። የወንድ ድምፅ ሰምቻለሁ። እንግዳ ይዛለች ብዬ ልመለስም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ገባሽ?"

ረፊቃ ወደ ክፍሉ ዘወር ብላ አየች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያ የወንድ ድምፅ ያንቺን ሳቅ ሲስቅ ሰማሁ።"

ባጃጅ ጠርታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ክፍሉን የቆለፈ አልነበረም።

ጤና ጣቢያው ኦክስጂን ሰጣት። ነርሷ ደጋግማ፣ "ከሰል አያይዘሽ ነው የተኛሽ?" ትላታለች፤ እሷ ደግሞ "የለም" ትላለች። ነርሷ ስልክ ደወለችና ደምለው የሚባል የከተማው የጽዳትና የአካባቢ ጤና ባለሙያ መጣ። ወጣት ነው፤ ቆላው ገና ያላጠቆረው። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

"አሁን ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም፣" አለች የዓለምወርቅ፤ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ምናለ ትዝ አላት።

ነርሷን ይዘው ሲደርሱ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደምለው ማንም እንዳይገባ ከልክሎ መስኮቱን በድንጋይ ሰበረ፤ በሩን በድጅኖ ገነጠለው፤ አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ፎጣ አስሮ ትንፋሹን ይዞ ገባ። ምናለ አልጋው ላይ አልነበረም። ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቶ ጆሮውን ስንጥቁ ላይ ለጥፏል። አንድ እጁ ከጉንጩ ሥር ነው። ከንፈሩ እንደ ሕፃን ቀልቷል፤ እየሰማ ያለ ሰው መልክ ነበረው። ጎትተው አወጡት፤ ነርሷ ብዙ ታገለች። ምናለ ግን ሄዷል።

የዓለምወርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ቆፍሪ ብለውኝ ነበር፣" ትላለች፤ "አባ ቆፍሪ ብለውኝ ነበር።"

ምናለ ከሞተ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ግቢዋ ገባ። ደምለው ከግንበኛ ቤት ረጅም ፌሮ አስመጥቶ ከክፍሉ ጀርባ መሬት ውስጥ አስመታው። ሲያወጡት ጫፉ በእጅ አይያዝም ነበር። የጉድጓዱ አፍ ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል።

"እዚህ ቦታ ድሮ ምን ነበር?" ሲል ጠየቀ።

"ገደል ነበር፣" አለ አንድ ነባር ሰው። "ጎርፍ የበላው ገደል፤ ጅብ ይኖርበት ነበር።"

"በምን ሞላችሁት?"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማበጠሪያዎቹ የሰሊጥ ገለባቸውን፣ አናጢዎቹ ሰጋቱራቸውን፣ የረፊቃ ባል አሮጌ ጎማውን፣ የዓለምወርቅ የቤቷን ጥራጊ፣ ከተማው ፌስታሉን። ላዩ አፈር ተበተነበት፤ ቤት ተሠራበት። የገደሉ የታችኛው ጫፍ ደግሞ እስካሁን ቆሻሻ የሚቃጠልበት ነው።

ደምለው ፌሮውን ጥሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እዚያ የሚያስለኩሰው እኔ ነኝ፣" አለ ቀስ ብሎ። "የቆሻሻ መኪና የለንም፣ ቦታ የለንም፣ እናቃጥለው እያልን። እሳቱ ገለባውን ይዞ እንደ ምስጥ ወደ ውስጥ ገብቷል። ታች አየር የለም፤ ስለዚህ አይነድም፣ ይጨሳል እንጂ። እንደዚያ የሚጨስ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ሰው ሲተነፍሰው ደሙ አየር መያዝ ያቆማል፤ አእምሮው መቃዠት ይጀምራል።"

"ድምፁስ?" አለች ረፊቃ።

"ቅዠት ነው።"

"እኔ ከውጭ ነበርኩ። ንጹሕ አየር እየተነፈስኩ ነው የሰማሁት።"

"ሁላችንንም 'ውረዱ' ነው ያለን፤" አለች የዓለምወርቅ።

ደምለው ፌሮው ወደወጣበት ጉድጓድ ተመለከተ። "ድምፁ ከአቅሜ በላይ ነው፣" አለ። "እሳቱን ግን ማውጣት እንችላለን።"

ምናለን በማግሥቱ ቀበሩት። ዘመድ ስላልነበረው ሳሉጎቹ ሬሳውን ተሸከሙ፤ ቄስ ለይኩን ፈቱት። ፍትሐቱ ላይ ሰው ሁሉ ይስል ነበር።

ከዚያ ቁፋሮው ተጀመረ። ከእርሻ ባለሀብቶች አንዱ ሎደሩን ሰጠ። ክፍሉ ፈረሰ። የሎደሩ ጥርስ መጀመሪያ አፈሩን ሲገነጥል መሬቱ ተነፈሰ፤ ሌላ ቃል የለውም። ሞቅ ያለ፣ የታመቀ፣ የብዙ ዓመት ትንፋሽ ግቢውን ሞላው፤ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ውስጡ ጥቁር ገለባ ነው፤ በገለባው መካከል ቀያይ ጅማቶች እንደ ደም ሥር ይሄዳሉ። አየር ሲያገኙ በአንድ ጊዜ ደመቁ። ከሎደሩ ላይ የነበረው ልጅ እግር ኦፕሬተር ዘሎ ወርዶ እኔ አልነካውም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አለ። ሌላ መጣ። ውሃ ሲያፈሱበት እንፋሎቱ በረፊቃ ጓሮ ወጣ፤ እሳቱ እሷም ቤት ሥር ደርሶ ነበር። በዚያ መስመር ያሉ ቤተሰቦች ሁሉ ለቀው ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፈሩ። ገለባው እየተዛቀ ሜዳ ላይ ተሰጣ፤ አፈር እየለበሰ እሳቱ ጠፋ። እስከ በልግ ደመና ድረስ ሥራው አላለቀም።

የከተማው ሰው በዚያው ሰሞን ተሰበሰበ። ቀላል ስብሰባ አልነበረም። የማበጠሪያ ባለቤቶች ገለባውን የት እንጣለው ብለው ጮኹ። ሹፌሮቹ ሞተር አጥፉ ሲባሉ ሳቁ። የዓለምወርቅ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ተነስታ ቆመች።

"እኔ ውስጡ ተኝቻለሁ፤" አለች። "የማይሸት፣ የማይታይ ነገር ነው። ደግሞ ደስ ይላል። እናንተም እየተነፈሳችሁት ነው፤ የኔው ክፍል ውስጥ በዝቶ ነው እንጂ ያው ነው። የምናለ ልጅ ደጋ ላይ በሳል ሞተች። የረፊቃ ልጅ እዚህ ይስላል። ማን ቤት ነው የማይሳለው? እጁን ያውጣ።"

እጅ ያወጣ አልነበረም። ሙኽታር ከኋላ ተነስቶ፣ "ኸላስ፣ በቃ፣" አለ። "ሞተሪኖዬን አሠራለሁ። ስቆም አጠፋለሁ። ያላጠፋ ሹፌር ከኔ ጋር ይነጋገራል።" እንዲህ ያለ ግዙፍ ሰው ይህን ሲል ክርክሩ ከዚያ በኋላ ቀለለ።

ነገሩ በአንድ ጀንበር አልተስተካከለም። የመኪኖቹ መቆሚያ ከከተማው ወደ ውጭ፣ ነፋስ ጭሱን ወደ ሜዳ ወደሚወስድበት አቅጣጫ ተዛወረ፤ በዙሪያው የኒም ዛፍ ተተከለ። የሰሊጥ ገለባው አፈር ሊሆን እየተቆለለ መበስበስ ያዘ፤ የማሽላ አገዳው ለከብት ሆነ፤ ቃርሚያቸውን ከማቃጠል ይልቅ አፈር ውስጥ የሚያርሱ ገበሬዎች ጥቂት ነበሩ፣ ጎረቤቶቻቸው እያዩ በዙ። ፌስታልና የሚበሰብሰው ቆሻሻ ለየብቻ መጣል ተጀመረ፤ ጎማ ማቃጠል ተከለከለ። ደምለው ለቆሻሻ መኪና ያልረገጠው ቢሮ የለም፤ አሮጌም ቢሆን አገኘ። ተደብቆ የሚያቃጥል አልጠፋም። የዓለምወርቅ ጭስ ባየች ቁጥር ነጠላዋን ለብሳ ትሄድና በሩ ላይ ትቆማለች። አትሳደብም፤ ትቆማለች ብቻ። ሰዎቹ እሳቱን ያጠፉ ነበር፤ ምናለ ቤቷ የሞተባት ሴት በር ላይ ስትቆም ደስ አይልም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሰሊጥ ሲታጨድ፣ ደረበ የሚባል ሰው ከጎጃም መጣ። የምናለ ታላቅ ወንድም ነው። ጠዋት ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ በምሥራቅ በኩል እንደ ግንብ የቆመው ደጋ ከነሸንተረሩ ይታያል። የዓለምወርቅ ውሃና ምግብ ሰጥታ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ክፍሉ የነበረበት ቦታ ባዶ አፈር ነው፤ ምንም አልሠራችበትም።

ደረበ ቆቡን አወለቀ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፤" አላት። "አብረውት የነበሩት ልጆች ልጁን ሰማት ይላሉ። እውነት ነው?"

የዓለምወርቅ ደምለው የነገራትን ልትነግረው ትችል ነበር፤ ደሙን፣ አየሩን፣ ቅዠቱን። ነገረችውም። ደረበ በትሕትና ሰማት፤ ስትጨርስ ያው ጥያቄ ፊቱ ላይ ነበር።

"የሰማውን አላውቅም፤" አለችው። "እኔ ባሌን ሰምቻለሁ። ታች ነፋሻ ነው፣ ጭስ የለም ብሎኛል። ዋሽቶኛል ልጄ፤ ስንከፍተው ጭስና እሳት ብቻ ነው ያገኘነው። ያ የጠራው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ልጁ አልነበረችም።"

ደረበ እንባውን በቆቡ ጠረገ።

"ይሄንን ነው ልሰማ የፈለግሁት፤" አለ። "እናታችን እሷን ተከትሎ ሄደ እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ተታሎ ነው ብዬ እነግራታለሁ።"

መቃብሩን አሳየችው። ደረበ ራስጌው ላይ ድንጋይ አስተካክሎ፣ ሣሩን ነቅሎ፣ አብሯት ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ተመለሰ። አውቶቡሱ ተነስቶ ወደ ጎንደር መንገድ ሲታጠፍ የዓለምወርቅ እስከሚሰወር አየችው፤ ዛሬ ዛሬ ሩቅ ድረስ ይታያል። ከዚያ አንሶላዎቿን ልታሰጣ ወደ ቤቷ ሄደች።